ባለ አንድ እጅጌው ሹራብ

ማርቆስ ገበያ ቢጫ የሹራብ ክር አይቼ ቆምኩና አነሣሁት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሰሞኑን የጀመርኩት ያላለቀ ሹራብ እያለ።

ልጅ ሆኜ ለአያቴ ለአባባ ግራጫ ሹራብ እሠራ ነበር። የቀኙን እጅጌ እንደጨረስኩ እናቴ ከይጁቤ ገበያ ቀይ ክር አመጣች። ግራጫው አስጠላኝና በቀዩ ሻርፕ ጀመርኩ።

እሁድ ጠዋት አባባ ያንኑ ሹራብ ለብሰው ለቤተ ክርስቲያን ተነሡ።

«አባባ፣ አላለቀም እኮ» አልኳቸው አፍሬ።

ባዶውን ግራ ክንዳቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አደረጉና፣ «ጋቢው ምን ሊሠራ ነው? ስትጨርሺ ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ ሰው ሲጨብጡ ቀኛቸው ብቻ ነበር ብቅ የሚለው።

«ልጠቅልልልሽ?» አለኝ የማርቆሱ ባለሱቅ። ቢጫውን ክር ከእጄ አላስቀመጥኩትም። አባባ ጨረስኩ ሳልላቸው ነው የሞቱት።