በጎቹ የረሱት መንገድ

ኢድዋል በሕይወቱ ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ጋራው መንገድ ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ አንድ የታወቀ ጋላቢ ስለሚመስላቸው ነው። ኢድዋል በግ አርቢ ነው። እኔም በግ አርቢ ነኝ። በግጦሻችን መካከል ያለው አንድ የድንጋይ ካብ ነው፤ እሱን ተደግፈን ስንነታረክ ሁለታችንም አረጀን።

መንገዱን ያወጣው ልጁ ጊቶ ነው። አወጣው ስል ቆፍሮ አይደለም። እኛ አገር፣ በዌልስ የባሕር ጠረፍ፣ ጋራ ላይ የሚግጥ በግ አጥር የለውም፤ ጋራውን ግን ጥሎ አይሄድም። የት እንደሚግጥ፣ ነፋስ ሲበረታ የት እንደሚጠለል፣ በየትኛው የገደል ጠርዝ እንደሚያልፍ ከእናቱ ኋላ ኋላ እየሄደ ይማራል። እናቲቱም ከእናቷ ነው የተማረችው። እንዲህ እንዲህ እያለ የበጎቹ ኮቴ ከላይ ከጥዱ ደን ተነስቶ፣ በእኔ ማሳ ጥግ አልፎ፣ የኢድዋልን ጋራ ዞሮ፣ ከባሕሩ በላይ ቋጥኝ ለቋጥኝ የሚወርድ ቀጭን መንገድ አበጀ። ጊቶ ልጅ ሳለ በአሮጌ ብስክሌት ተከትሎት ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልታየውም።

"አክስቴ ነስታ፣ በጎቹ እኮ አሳምረው ነው የሚታጠፉት" ይለኝ ነበር፣ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ተለቅልቆ።

"የማሳዬን በር ዘግተሃል?"

"ዘግቻለሁ።"

"ክፍት ካገኘሁት ብስክሌትህን ለአሳማ ነው የምሰጠው።"

"አሳማ የለሽም።"

"ለዚሁ ብዬ እገዛለሁ።"

አንዲት ቀንዷ የተጣመመ በግ ነበረች። ጊቶ እየበረረ ሲመጣ ትልቁ ኩርባ መሐል ትቆምና አላሳልፍ ትለዋለች። እሱም ወርዶ፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ፣ "ይቅርታ እመቤቴ" ብሎ በጎኗ ያልፋል። ፍሬን ብሎ ስም አወጣላት፤ ከብስክሌቱ ፍሬን የምትታመነው እሷ ናት እያለ።

እያደር ከከተማ ሰው ይመጣ ጀመር። ኢድዋል ያጉረመርማል። "ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ይመጣል፣ ያወርዳል፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው መኪናው ጋ ይመለሳል። ምን አገኘሁ ሊል ነው?" ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ካቡ ላይ ቆሞ፣ ሻዩ እጁ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ልጁ ሲወርድ ያያል። ኮርቼብሃለሁ ብሎት አያውቅም። እኛ አገር አባት እንዲህ አይልም፤ ይህ ልማዳችን ዛሬም ያናድደኛል።

ጊቶ የሞተው ጋራው ላይ አይደለም። በዚያ ሁሉ ገደል ሲወርድ ኖሮ ጥርሱ እንኳ አልተነቃነቀም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ በሜዳው አስፋልት ወደ ሥራ ሲሄድ የጭነት መኪና ገጨው።

ኢድዋል በቀብሩ ላይ አላለቀሰም። በሳምንቱ ሽቦና ቋሚ አስመጣና ከእኔ በር እስከ ባሕሩ ድረስ መንገዱን ግራና ቀኝ ማጠር ጀመረ።

"በጎቹ ጠርዙን እየናዱት ነው" አለ። "አንድ ክረምት ቢዘንብበት ያልቅለታል። የልጄን መንገድ ከእንግዲህ ጎማ እንጂ ኮቴ አይረግጠውም።"

የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ ቋሚ ያዘለት። ሁላችንም በግ ስንጠብቅ ነው ያደግነው፤ ይህ አጥር ምን እንደሚያመጣ ግን አንዳችንም አላሰብንም። ያሰብነው ሐዘኑን ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት መንገዱ እንደተጠረገ ግቢ አማረ። በሁለተኛው፣ ሙቀት ሲገባ ጋራችን ላይ የሚፈላው፣ ሰው የሚያህል ሰፊ ቅጠል ከሽቦው ውስጥ ወጣ፤ እሾሁም ተከተለው። ለካ መንገዱን ከፍተው የያዙት የበጎቹ አፍና ኮቴ ነበሩ። ጎማ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ቅጠሉ ግን በየቀኑ ያድጋል። ኢድዋል በማጭድ ያጭዳል፣ ተመልሶ ይበቅላል። ጋላቢዎቹ ክንዳቸውን እሾህ እየቧጠጣቸው ከመንገድ መመለስ ጀመሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጭራሽ ቀሩ።

ይህን ጊዜ ኢድዋል ሽቦውን በሙሉ ነቀለ። "በጎቹ ይመለሱና ይከፍቱታል" አለ። እኔም አመንኩት።

በጎቹ አልገቡም። መንገዱን የሚያውቁት አሮጊቶች በየዓመቱ ተሸጠው፣ ሞተው አልቀዋል። ከአጥሩ ወዲህ የተወለዱት ከእናቶቻቸው የተማሩት ሽቦውን ነው። እየጋጡ ይመጡና ሽቦው የነበረበት ቦታ ሲደርሱ፣ ምንም ሳይኖር፣ ይዞራሉ። ካቡን ተደግፈን አየናቸው።

"ሽቦው እኮ የለም" አለ ኢድዋል፣ ለእነሱ እንደሚናገር።

"እነሱ በምን ያውቃሉ?"

"ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ነስታ። የልጄን መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁት።"



መንገዱን ከሚያውቁት የቀረችው ፍሬን ብቻ ነበረች። ጥርሷ አልቋል፤ ሌላ ቢሆን ድሮ ይሸጣት ነበር፣ ስሟን ያወጣላት ጊቶ ስለሆነ አልቻለም። በማግስቱ ብቻዋን ወደ ቅጠሉ ገባችና ቀንዷ እንኳ እስከማይታይ ድረስ ተውጣ እስከ ባሕሩ ወረደች። ያን ክረምት አርግዛ ነበር።

"አንድ ግልገል ይበቃኛል" አለኝ ኢድዋል። "እሷን ይከተላል። እሱን ደግሞ ሌላው ይከተላል።"

ግልገሉ ሞቶ ተወለደ።

እኛ ጋ አንድ ዘዴ አለ። የሞተው ግልገል ቆዳ ይገፈፍና እናት ለሌለው ግልገል እንደ ካፖርት ይለበስለታል። እናት የልጇን ሽታ ስታገኝ ታጠባዋለች። ኢድዋል ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረ ነገር ነው። እኔ እናቱ የሞተችበትን አንድ ግልገል ከቤቴ አመጣሁ፤ እሱ ቆዳውን አለበሰውና ጉረኖ ውስጥ ከፍሬን ጋር ተውናቸው።

ጀርባውን አሸተተች። ጭራውን አሸተተች። ግልገሉ ሊጠባ በጉልበቱ ሲንበረከክ ዞር ብላ በግንባሯ ገፍታ ከግድግዳው ጋር አጋጨችው። ያዝናት፣ ደግመን ሞከርን። በማግስቱም ሞከርን። መጨረሻ ላይ ኢድዋል ቆዳውን ከግልገሉ ላይ ቀስ ብሎ አወለቀ። እሱ ራሱ የለበሰው የጊቶን ቢጫ የዝናብ ልብስ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ አውልቆት አያውቅም፣ ትከሻው ላይ ይጠበዋል።

"ታውቃለች" አለ። "ምን ብናለብሰው ልጇ እንዳልሆነ ታውቃለች።"

ከዚያ ጭዱ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ልጁ ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩና ግልገሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ጡጦ አጠባሁት።

ፍሬን ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር ሞተች። ያገኛት ኢድዋል ነው፣ እዚያው ኩርባው ላይ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ማጭዱን ይዞ እስከ ባሕሩ ይወርዳል፣ ይመለሳል። መንገዱ አሁን አንድ ሽማግሌ የሚያሳልፍ ያህል ነው፤ ብስክሌት አያሳልፍም። ጉልበቱ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየከዳው ነው፤ እሱ የቀረ ቀን መንገዱም ይቀራል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት በሬን ዘጋሁና ከኋላው ወጣሁ። የከዘራዬን ድምፅ ሰምቶ ዞረ።

"ምን ፈለግሽ?"

"ምንም።"

"ወገብሽን ያምሻል። ተመለሽ።"

"ዝም ብለህ ሂድ። የት የት እንደምትረግጥ እያየሁ ነው።"

ከዚያ ፊቱን መለሰና እርምጃውን ቀነስ አድርጎ ሄደ። የረገጠበትን እየረገጥኩ ተከተልኩት። ኩርባው ጋ ሲደርስ፣ ፍሬን ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ቆመ። እኔም ከኋላው ቆምኩ።