ለማናውቃት ዘፋኝ ድንኳን ስንተክል

ልጆቹ «እስኪ አምቦ ሳለሽ የዋሸሽውን ንገሪን» ብለው አላስቀምጥ አሉኝ። አንድ ብቻ የዋሸሁ ይመስል! ይሁን፣ ትልቁን ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ነበር። ከጎጆ ከተማ ድንች ጭኜ አምቦ፣ ከአምቦ ደግሞ ወደ ጉደር። አምቦ ስገባ አህያዬን የማቆመው አንድ ጣሊያን መካኒክ ጋራዥ አጥር ሥር ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ አገሩ ሳይመለስ የቀረ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነበር፤ «ሙሴ» እንለዋለን። ግራሞፎን ነበረው። በሸክላው ላይ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ቋንቋዋ አይገባኝም፤ ድምጿ ሽቅብ ሲወጣ ግን አህያዬ እንኳ ጆሮዋን ትቀስራለች። በዘፈን የምትሠራው ቴያትር ሲያልቅ ሁልጊዜ እንደምትሞት ያጫወተኝ ሙሴ ነው።

አንድ ቀን ብመጣ ጋራዡ ዝግ ነው። በአጥሩ ሳጮልቅ ሙሴ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ጋዜጣ ታቅፎ ይንሰቀሰቃል።

«ምነው ሙሴ? ማን ሞተ?»

«እሷ» አለኝ ግራሞፎኑን እያሳየ።

«ምንህ ናት?»

«ምኔም አይደለችም። አይቻት አላውቅም።»

አንጀቴን በላው። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አያለቅስማ! እድሩ ደግሞ ለዘመድ እንጂ ለዘፋኝ ድንኳን አይተክልም። እሱ አባል ነው፤ ከሰው ቀብር አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። እናም ሮጥ ብዬ ለእድሩ ዳኛ «የሙሴ እህት አገሯ ላይ ሞተች» አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። በሐሰት ለቅሶ ያስጠራ ከእድር ይባረራል። ለቅሶው የተጠራው በእሱ ስም ነውና ውሸቱ ቢታወቅ የሚባረረው እኔ ሳልሆን እሱ ነው፤ ያኔ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

ምሳ ሳይደርስ ድንኳኑ ቆመ። አልቃሿም ነጠላዋን አገልድማ መጣች። ሙሾ የምታወርድበት ታሪክ ያስፈልጋታል።

«ሙሴ፣ እህትህ ምን ሆና ሞተች?»

እሱ ሐሳቡ ቴያትሩ ላይ ነው። «አንዴ በጩቤ ተወጋች» አለ እንባውን እየጠረገ። «አንዴ በሳል። አንዴ ከግንብ ላይ ዘለለች።»

«ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ! ስንት ጊዜ ነው የሞተችው?»

«ሁልጊዜ። ከዚያ ተነስታ እጅ ትነሳለች፤ ሰው ያጨበጭባል።»

አልቃሿ ዞራ እኔን አየችኝ።

«ሐዘኑ አናውዞት ነው፣ እታለም!» አልኩ።

«እንዲህ ያለች ሟች ገጥማኝ አታውቅም» አለች። «አሁን የቱን ሞት ልያዝ?»

ሙሴ ሄዶ ግራሞፎኑን አመጣና ሸክላውን አስቀመጠ። ሟች በገዛ ለቅሶዋ ላይ መዝፈን ጀመረች። ድምጿ ሽቅብ ሲወጣ አልቃሿ ደረቷን እየመታች ተከተለቻት፤ ሴቶቹ ተከተሉ፤ ሙሴም መሃላችን ገብቶ አለቀሰ። ሸክላው ሲያልቅ አልቃሿ ላቧን ጠራርጋ፣ «ለካ የሙያ ባልንጀራዬ ኖራለች! ቀደም ብለህ አትነግረኝም?» አለችው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሦስቱንም ቀን ዳኛው ባዩኝ ቁጥር ከአልቃሿ ኋላ እሸሸግ ነበር። እሳቸው ግን ስለ እህቱ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

እሳቸው ካረፉ ከስንት ዓመት በኋላ ሚስታቸው ነገሩኝ። ያን ቀን ድንኳኑ ሲተከል ሙሴ ራሱ ሄዶ፣ «ኦቦ ዳኛ፣ እህቴ አይደለችም። ያባርሩኝ» ብሏቸው ኖሯል። እሳቸውም «ካስማው ተመትቷል፤ ሂድና ከሰው ጋር ተቀመጥ» ብለው መለሱት።