ስለ አባቴ ዓይን እኔን የጠየቀው ሐኪም

የአባቴ ዓይን መድከሙን ያወቅሁት፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ደረጃ ላይ ተገናኝተን፣ አፌን ሳልከፍት በዕብራይስጥ «ሻሎም ጌቬሬት»፣ ጤና ይስጥልኝ እመቤት፣ ብለው እንደ ባዳ ሴት ሲያሳልፉኝ ነው። ለካ ሰው የሚለዩት በድምፅ ኖሯል፤ ለእኛ ለልጆቻቸው ግን አልነገሩንም።

አባቴ ግላኮማ እንዳለባቸው ድሮም እናውቃለን። የዓይናቸው ግፊት ነርቩን እንዳይጎዳው ጠዋትና ማታ ሁለት ዓይነት ጠብታ ያደርጋሉ። ሮቫ ዛይን ወደሚገኘው ክሊኒክ ስወስዳቸው ሐኪሙ በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ መጋረዱን ነገረኝ። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ለግፊቱ ጠብታውን ይቀጥላሉ አለ።

ከአባቴ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ከሩሲያ የመጡ አንዲት አሮጊት አሉ። እኒያ ሴትዮ ሞራም ግላኮማም ነበረባቸው። ይኸው ሐኪም፣ ሳይጠይቁት፣ ሞራው ሲወጣ በዚያው ቀዳዳ ትንሽ ቱቦ ገብታ ግፊቱን ብትቀንስልዎት ይሻላል ብሎ መክሯቸው፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ተሠርተውላቸዋል። ይህን ስለማውቅ ለአባቴስ ብዬ ጠየቅሁት።

ከኮምፒውተሩ ዓይኑን ሳያነሳ በዕብራይስጥ መለሰልኝ። ያ ክትትል ይፈልጋል፤ የእናንተ ሽማግሌዎች ጠብታ እንኳ በሥርዓቱ አያደርጉም፤ ይኸው ግፊቱ አልወረደም አለኝ። ቀጥሎም «ለመሆኑ ጠብታውን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ በመካከላችን አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል።

ያለውን ሁሉ፣ ሳላለዝብ፣ ለአባቴ በአማርኛ ነገርኋቸው። አገጫቸውን ከከዘራቸው ላይ አነሱና፣

«እኔ እዚህ ተቀምጬ ሳለሁ ስለ ዓይኔ አንቺን ለምን ይጠይቃል? ጠብታውን የማደርገው እኔ፣ የሚያቃጥለውም እኔን ነው» አሉ።

ይህንንም ቃል በቃል ተረጎምሁለት። «ቤሴዴር»፣ እሺ እንደ ማለት፣ አለና ለሞራው ብቻ ቶር፣ ማለትም የቀጠሮ ተራ፣ እንድንይዝ አዘዘ። አንድም ነገር አልጠየቃቸውም።

አውቶቡስ ውስጥ አባቴ ሊያባብሉኝ ሞከሩ፤ እኔ ግን አልሰማኋቸውም። የእኒያ ከሩሲያ የመጡት ጎረቤታቸው ዕብራይስጥ ከአባቴ አይሻልም። እጃቸውም ይንቀጠቀጣል፤ በዕድሜም አይተናነሱም። ታዲያ እሳቸው መከታተል እንደሚችሉ፣ አባቴ ግን እንደማይችሉ ሐኪሙ በምን አወቀ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ አባቴም ያውቁታል።

ቶሩን ትተን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ይህችኛዋ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ እሳቸውን እያየች ጠየቀች፤ ተርጉሜ እስክጨርስ ጠበቀች። ከመረመረቻቸው በኋላ፣ ጠብታውን በደንብ እያደረጉም ብቻውን እንዳልበቃቸው፣ ዓይናቸው የሚቀላውም በራሱ በጠብታው ምክንያት እንደሆነ ነገረችን። ቱቦዋ ለሁሉም ሰው አትሆንም፤ ለእርስዎ ግን ትሆናለች አለች። ከሩዝ ፍሬ በጣም ያነሰች ናት ስትል፣ እኔ ከጤፍ ያነሰች ብዬ ተረጎምሁ። የጠፋውን አትመልስም፤ የቀረውን ለመጠበቅ ታግዛለች፤ ጠብታም ታስቀንስ ይሆናል። አባቴ ሁለቱም በአንድ መቆረጥ ካለቁ ምን እጠብቃለሁ አሉ።

ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ በቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሳ ትክ ብለው አዩኝ።

«እንዲህ ከስተሽ ኖሯል?» አሉኝ። እየሳቅሁ አለቀስሁ።

ሰንብቶ ግራውም ተሠራ። ግፊቱ ወረደ፤ የሚያቃጥላቸው ጠብታ ቀረላቸው፤ ሌላኛውን አሁንም ያደርጋሉ። ለጸሎት ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ሰውን ከሩቅ በስሙ ይጠራሉ። በግራ በኩል ጥጉ ግን አይታያቸውም። መቼ እንደጠፋ ሐኪሟም በእርግጠኝነት ልትነግረን አልቻለችም፤ የማይመለስ መሆኑን ግን ነግራናለች።

በመጀመሪያው ሐኪም ላይ አቤቱታ አቀረብሁ። ከክሊኒኩ አንድ ሰው ደወለና በትሕትና፣ ሐኪሙ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የቋንቋ አለመግባባት ሳይሆን አይቀርም አለኝ።

«ሁለቱንም ቋንቋ የምሰማው እኔ ነበርሁ» አልሁት። «ያልገባኝ ቃል አልነበረም።»

እናጣራለን ብሎ ዘጋ። እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። አባቴ ተዪው ልጄ፣ ለእኔ የተረፈልኝ ይበቃኛል ይሉኛል። ግራ ትከሻቸው ከበሩ መቃን ጋር በተጋጨ ቁጥር ግን እኔ ክሊኒኩ ዘንድ ልደውል እንደገና ስልኩን አነሳለሁ።