ከሥር የሚሄደው ድምፅ

ሰው መዝሙር የሚያስታውሰው በመጀመሪያው ድምፅ ነው። ከገበያ ሲመለስ የሚያንጎራጉረው እሱን ነው፤ ልጁን ሲያስተኛ የሚያዜመውም እሱኑ። ሁለተኛው ድምፅ ከሥር ከሥር ይሄዳል፤ ማንም ልብ አይለውም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሥር ሄጃለሁ።

ከላይ የምትሄደው እኅቴ ነበረች፤ ታላቄ ናት። ገና ልጆች ሳለን፣ ሁምቦ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራኑን የሚያሠለጥኑት ሽማግሌ ሁለታችንን አቁመው አስዘመሩንና እሷን «አንቺ ከላይ»፣ እኔን «አንቺ ከታች» አሉን። በቃ፣ አለቀ። ሶዶ መጥተን አስተማሪ ስንሆን፣ ስናገባ፣ ስንወልድ፣ ባሎቻችንን ስንቀብር እንደዚያው ቀጠልን። ሠርግ ላይ ዘምረን ስንወርድ ሰዉ እሷን አቅፎ «ምን ዓይነት ድምፅ ነው!» ይላታል፤ እኔን ደግሞ «አንቺም በርቺ» ይለኛል። በርቺ! ጡረታ ልወጣ ምንም ያህል ሳይቀረኝ እንኳ «በርቺ»። እኅቴ ይህን በሰማች ቀን ቤት እስክንገባ ሳቋን አትጨርስም።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ሞተች።

ልጆቼ ሀዋሳና አዲስ አበባ ናቸው። «እማዬ፣ ብቸኝነት እንዳይሰማሽ» ይሉኛል በስልክ፤ ብቸኝነት በስልክ የሚባረር ይመስል። ብቸኛ ነኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስብከቱን አብራኝ የምታማ የለችም። መዝሙርም አልሆነልኝም። ወጥ እየሠራሁ ማንጎራጎር ስጀምር ከአፌ የሚወጣው ያው የሥሩ ዜማ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃና ላይ የሚመላለስ፣ ብቻውን ሲሰማ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ። ይህን ሁሉ ዘመን ስዘምር ኖሬ አንድ መዝሙር እንኳ ብቻዬን መዘመር እንደማልችል የገባኝ ያኔ ነው።

እናታችን አለች። ሁምቦ፣ ከወንድሜ ሚስት ጋር ትኖራለች። ዓይኗ ፈዟል፤ ጆሮዋ ደህና ነው፤ ያስቸገራት መርሳቱ ነው። የእኅቴን ሞት ነገርናት፤ አለቀሰች። በማግስቱ ረሳችው። ደግመን ስንነግራት እንደ አዲስ አለቀሰች። የወንድሜ ሚስት «ተዉአት እንግዲህ፣ አንዲት ልጇን ስንት ጊዜ ትቅበር?» አለችና ተውናት።

ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር የምትለምነኝ አንድ ነገር ነው፤ መዝሙሩን። እኔና እኅቴ መጀመሪያ የተማርነውን፣ በወላይትኛ የሚዘመረውን፣ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በተሰበሰብን ቁጥር የምንዘምርላትን። እኅቴ ከሞተች በኋላ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠይቀኝ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የማውቀውን ዘመርኩላት። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው አዝማች፣ እንባዬን እየዋጥኩ። ስጨርስ እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በትዕግሥት ትጠብቃለች።

«በሉ እንጂ» አለችኝ በወላይትኛ፣ «መቼ ነው የምትጀምሩት?»

የወንድሜ ሚስት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ወደ ሶዶ ስመለስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ። የተቀዳ የለም ወይ ብለው ልጆቼ ጠየቁኝ። የለም። ሁልጊዜ ያለን ነገር ማን ይቀዳል? እናቴ በጣም አርጅታለች። ከመሞቷ በፊት ያን መዝሙር መስማት ካለባት፣ ከእኔ ሌላ የሚያሰማት አልቀረም።

እናም በዚህ ዕድሜዬ የመጀመሪያውን ድምፅ ልማር ተነሣሁ። የእኅቴን ዜማ ጆሮዬ ያውቀዋል፤ ጉሮሮዬ አያውቀውም። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰነጠቃል። በንዴት እንደገና እጀምራለሁ፤ እንደገና ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። የጓሮውን ክፍል የተከራየችኝ ነርስ ናት፤ ኦቶና ሆስፒታል ነው የምትሠራው።

«ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። እየዘመርኩ ነው።»

ልጅቷ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። እሷም በቤተ ክርስቲያኗ ኪቦርድ ትመታለች። አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችውና አስዘመረችኝ። ስሰነጠቅባት አንድ አዝራር ነካችና መነሻውን ዝቅ አደረገችው። ደስ አላለኝም። በእኛ ጊዜ መዝሙር ሲከብድ ሰው ይለማመዳል እንጂ አዝራር አይጫንም አልኳት።

«ቲቸር፣ ድምፅዎ ወርዷል» አለችኝ፣ ሳትፈራ። «የወረደበት ቦታ ሄደን እናግኘው።»

ተቆጣሁ፤ ግን ዘመርኩ። ደግማ አወረደችው፤ አሁንም አወረደችው። በመጨረሻ መዝሙሩ ደረቴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። እንደ እኅቴ ጥርት ያለ አልነበረም። ይንቀጠቀጣል፤ መሃል መሃሉ ላይ ትንፋሽ ያመልጠዋል። ሆኖም ደስ አለኝ፤ ሳላፍር እናገራለሁ፣ የራሴን ድምፅ ወደድኩት። ልጅ ሆነን ያን መዝሙር ስንዘምር ስለ ድካምና ስለ ዕረፍት የሚናገሩትን ቃላት በአፋችን ብቻ ነበር የምናውቃቸው። አሁን ድምፄ ራሱ የደከመ ሰው ድምፅ ነው፤ ቃላቱ ተስማሙት። እርጅና ድምፄን ወሰደብኝ ብዬ ስከስሰው ከርሜ ነበር። ለካስ ወደ ታች ነው ያዛወረው፤ ሄጄ አላየሁትም እንጂ።

ያስቸገረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። አዝማቹ ላይ የመጀመሪያው ድምፅ አንድ ቃና ይዞ ይቆያል፤ በዚያ መሃል ከሥር ያለው ይንቀሳቀሳል። እዚያ ስደርስ ቃናዬን ይዤ ብቆይም ከሥሬ ምንም የለም። ቤቱ ጭር ይላል። ነርሷ በኪቦርዱ ልትሞላልኝ ፈለገች፤ ተይው አልኳት።

ቅዳሜ ወደ ሁምቦ ወረድኩ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ከዋናው መንገድ ወዲያ በጋሪ ሄድኩ። እናቴ በበሩ ትይዩ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። የወንድሜ ሚስት በቆሎ ትፈለፍላለች። ሰላምታዬን ከመጨረሴ እናቴ ያው ልመናዋን ጀመረች። ውኃ ጠጣሁና ፈራ ተባ እያልኩ፣ ዝቅ ካለው መነሻ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ስንኝ ላይ የእናቴ አንገት ቀና አለ። ሁለተኛው ላይ ጣቶቿ ጭኗን መምታት ጀመሩ። የወንድሜ ሚስት በቆሎዋን አስቀመጠች። አዝማቹ ላይ ደረስኩ፤ ቃናውን ይዤ ቆየሁ፤ ተንቀጠቀጠብኝ፣ ግን አልለቀቅኩትም። እስከ መጨረሻው ዘመርኩት።

እናቴ እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳበሰች። ደስታዋ ከንፈሯን ያንቀጠቅጠዋል። በእኅቴ ስም ጠራችኝ።

«መጣሽልኝ?»

የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ አየች። እሷ አይደለሁም ማለት አልቻልኩም።

«መጣሁ» አልኳት።

ከዚያ ፊቷ እየከፋ ሄደ፤ አንድ ነገር እንደጠፋባት ሰው ጆሮዋን ወዲህና ወዲያ አዞረች።

«ምነው ብቻሽን?» አለችኝ። «ታናሽሽን የት ጥለሻት መጣሽ? ያለ እሷ እኮ ደስ አይልም።»

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ስጓጓ ኖሬአለሁ። አሁን ስሰማው ግን እኔ እኔ አልነበርኩም፤ እኅቴ ነበርኩ።

«ትመጣለች» አልኳት። እጄን ያዘችኝና ሁለታችንም ወደ በሩ ዞረን ጠበቅን።