የርብ መዝገብና ያቆምኩበት መስመር

ወረታ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ አለቆች አይቻለሁ፤ እንደዚያ ኃላፊ የናቅኩት ግን የለም። ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። የማያነብ ሰው ነበር። ፊደል ቆጥሯል፣ ንግግር ያደርጋል፣ በቀን ሃያ ወረቀት ይፈርማል፤ ዐይኑ ግን ጽሑፍ ላይ ረግቶ አያውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እሱ በሚመራው መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። ከሥራዬ አንዱ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ሄጄ ርብ ድልድይ ላይ የውኃ መዝገብ ማንበብ ነው። ከድልድዩ ምሰሶ በአንዱ ላይ ቁጥር የተቀባበት መለኪያ ነበር፤ የወንዙ ከፍታ በቀን ሦስት ጊዜ እየታየ ይመዘገባል። ክረምት ሲገባ ርብ ከጉና ተራራ የሰበሰበውን ሁሉ አምጥቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ይደፋዋል። ገበሬው ከብቱን ከታችኛው ግጦሽ ያውጣ ወይስ ይተወው፣ የሚያውቀው ከዚያ መዝገብ ነው። እኔ ባለፈው ሳምንት ካቆምኩበት ቀጥዬ አዲሱን ብቻ እገለብጣለሁ፤ ኃላፊው ረቡዕ ረቡዕ ለገበሬ ማኅበር ሊቀመንበሮች ያነብላቸዋል።

መዝገቡን የሚይዙት አንድ መሪጌታ ነበሩ። አጠገቡ ካለው ደብር ያገለግላሉ፤ ጽሕፈታቸው ስለሚያምርና ቤታቸው ለድልድዩ ስለሚቀርብ ነው ሥራውን የሰጧቸው። ከቁጥሩ ጎን አንዳንድ ቃል ይጨምሩ ነበር፦ «ውኃው ቀላ»፣ «ግንድ ይዞ ወረደ»፣ «ጉና ጠቁሯል»። ኃላፊው ይህን አይወድም። «ቁጥር ብቻ ይጻፉ በያቸው፤ ወንዝ ድርሰት አይደለም» ይለኛል። እኔም የተባልኩትን አደርሳለሁ። እሳቸው አንገታቸውን ይነቀንቁና መጻፋቸውን ይቀጥላሉ።

መጀመሪያ ላይ ያቆምኩበትን የማውቀው ቁራጭ ወረቀት ገጹ መሃል አስገብቼ ነበር። ወረቀቷ አንድ ቀን ወደቀችና የሁለት ሳምንቱን ደግሜ ገለበጥኩ። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ የሚያስተካክለው ነገር አገኘ። አንድ ቅጽ አዘጋጀ። ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፤ በአንዱ የገጽ ቁጥር፣ በሌላው የመስመር ቁጥር ይሞላል። በስብሰባ ላይ «ሳይንሳዊ አሠራር» ብሎ አስጨበጨበበት።

ቅጹን ለመሪጌታ ሳሳያቸው ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩት።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይኸው ነው።»

«ልጄ፣ ገጽ የመጽሐፉ ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ ይለወጣል፣ ይቀደዳል፣ ውኃ ይገባዋል። እኛ ቤት ተማሪ ያቆመበትን በቅጠል ቁጥር አይዝም፤ በቃሉ ነው የሚይዝ። የመጨረሻዋን መስመር እንዳለች ገልብጠሽ ያዣት፤ ቀኗን፣ ሰዓቷን፣ ቁጥሯን፣ ቃሏን። በሚቀጥለው ስትመጭ እሷን ፈልጊ። ያገኘሻት መስመር ያችው መሆኗን አይተሽ ስታበቂ ከቀጣይዋ ጀምሪ። ከጠፋች ግን አትጀምሪ፤ እኔን ጥሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ ቅጹን ለኃላፊው እየሞላሁ፣ ለራሴ ደግሞ የመጨረሻዋን መስመር በትንሽ ደብተሬ እገለብጥ ጀመር። ለኃላፊው ነገሩን በአክብሮት ላስረዳው ሞክሬ ነበር። አልጨረስኩም። «የደብተራ ዘዴ ነው» አለኝና ሳቀ። በዚያች ሳቅ ነው እሱን መናቅ የጀመርኩት። ግን ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት በዚያ ጊዜ እንደ ሙያ ይቆጠር ነበር፣ እኔም ባለሙያ ነበርኩ።

በነሐሴ ለሥልጠና ባሕር ዳር ተላክሁ። ከመሄዴ በፊት ድልድዩ ድረስ ወርጄ አነበብኩ፤ ቅጹንም ሞላሁ፤ ገጽ ሠላሳ ሰባት፣ መስመር አሥራ አራት። «እኔ በሌለሁበት ማን ያነባል?» ብዬ ኃላፊውን ጠየቅኩት።

«እኔ ራሴ» አለ። «ገጹ ተጽፏል፣ መስመሩ ተጽፏል። ምን ቀረ?»

እኔ በሄድኩ በማግሥቱ መዝገቡ የሚቀመጥባት፣ ድልድዩ አጠገብ ያለችው የድልድዩ ዘበኛ ጎጆ አፈሰሰችና መዝገቡ ራሰ፤ የኋላ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጣበቁ። መሪጌታ ከመሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የተሰጣቸውን አዲስ መዝገብ አውጥተው ከገጽ አንድ ጀመሩ። በሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ከአሮጌው የቀጠለ» ብለው ጻፉበት። መዝገቦቹ ሁሉ ገጻቸው አስቀድሞ በማኅተም የተቆጠረ ነው፤ ስለዚህ አዲሱም ገጽ ሠላሳ ሰባት አለው፤ ባዶ ሆኖ።

ማክሰኞ ኃላፊው በላንድሮቨር መጣ። ጾመ ፍልሰታ ነበርና መሪጌታ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ዘበኛው በኋላ እንደነገረኝ ከመኪናው አልወረደም። «መዝገቡን አምጣ» አለው። ዘበኛው አዲሱን መዝገብ በመስኮት አቀበለው። ኃላፊው ሠላሳ ሰባተኛውን ገጽ ገለጠ። ባዶ ነው። ዘበኛው «ጌታዬ፣ አሮጌውም እዚህ አለ፣ ላምጣው?» ሲለው፣ «የአሮጌ ነገር አልጠየቅኩህም» አለውና ቅጹ ላይ «ካለፈው ንባብ ወዲህ ለውጥ የለም» ብሎ ጻፈ። ፈረመ። መኪናው ዞሮ ተመለሰ።

ረቡዕ ለሊቀመንበሮቹ «ርብ አልጨመረም፤ ከብት ማንቀሳቀስ አያስፈልግም» ብሎ አነበበላቸው። እነሱም ለየቀበሌያቸው አደረሱ። መሪጌታ በበኩላቸው ያገኙትን ሰው ሁሉ «ውኃው እየመጣ ነው፣ ከብታችሁን አውጡ» ይሉ ነበር፤ የሰሟቸው አወጡ። የመንግሥትን ቃል ያመኑት ተዉ።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ፎገራ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ ጥርት ብላ ሳለ ውኃው ሞልቶ ወጣ። ሰው አልሞተም። ከታችኛው ግጦሽ የነበረው ከብት ግን ብዙው አለቀ።

ቅዳሜ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ቢሮ መጣች። ሁለቱንም በሬዎቿንና አንዲት እርጉዝ ላም ውኃ ወስዶባታል። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ መሬቷን በእነዚያ በሬዎች በማረስ ነበር ልጆቿን የምታሳድገው። አላለቀሰችም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ፦

«ያን መዝገብ የምታነቢው አንቺ ነሽ አሉኝ» አለች።

«እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ግን አልነበርኩም።»

«ታዲያ ማን አነበበው?»

የኃላፊው በር ክፍት ነበር። ድምፁ ይሰማል፤ በስልክ ስለ አንድ በዓል ዝግጅት ያወራል። «አላውቅም» አልኳት። አየችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ወጣች።

በሳምንቱ ከአውራጃ ሁለት መርማሪዎች መጡ። ኃላፊው ቅጹን አቀረበ። «መሪጌታው አልጻፉም። ገጹ ባዶ ነበር፤ በዐይኔ ነው ያየሁት» አለ። ያየው እውነት ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰው በሕይወቱ አንዴ እውነት ቢናገር እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

መሪጌታን ጠሯቸው። ሁለቱን መዝገብ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። እኔም ደብተሬን አወጣሁ። «ያቆምኩበት መስመር ይህ ነው» ብዬ አነበብኩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ «ውኃው ቀላ» የሚለውንም። አሮጌውን ገልጬ መስመሯን አሳየኋቸው። ከሥሯ የነበሩትን ሁለት መስመሮች፣ ቀጥሎም የአዲሱን መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። በእያንዳንዱ መስመር ውኃው ይጨምራል። ማክሰኞ ጠዋት የተጻፈው «ግንድ ይዞ ወረደ፤ ከብት ይውጣ» ይላል።

መርማሪዎቹ ተያዩ። ታላቁ ቅጹን አንስቶ ብዙ ጊዜ አየው።

«ጓድ ኃላፊ የገለጡት ቅጹ ላይ የተጻፈውን ገጽ ነው» አለ።

«አዎ፣ ትክክለኛውን ገጽ» አለ ኃላፊው።

«መሪጌታ፣ መዝገብ ሲለውጡ ማንን አስፈቀዱ?»

«ውኃው ፈቃድ እስኪመጣ አይጠብቅም ነበር» አሉ መሪጌታ በዝግታ።

ይህን መልስ በቃለ ጉባኤ አልጻፉትም። የጻፉት፣ መዝገብ ያዡ ያለ ፈቃድ መዝገብ በመለወጣቸው የመረጃ መዛባት መድረሱን ነው። መሪጌታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ኃላፊው ላይ የተባለ ነገር የለም። ደብተሬ ከማስረጃ አልተቆጠረችም፤ «የግል ማስታወሻ ነው» ተባለ። ቃለ ጉባኤውን በታዛቢነት እንድፈርም ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

ፈረምኩ።

መሪጌታ አጠገቤ ተቀምጠው ስፈርም አይተዋል። ሲወጡ «ደኅና ዋይ ልጄ» አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ድልድዩ ጋ ስሄድ መዝገቡን ለዘበኛው አስረክበው ሥራውን እንደተዉ ሰማሁ። ዘበኛው ፊደል አያውቅም። እስከ መስከረም ድረስ መዝገቡ ባዶ ሆኖ፣ እኔም በየሳምንቱ «ለውጥ የለም» ብዬ ስሞላ ከረምኩ። ኃላፊው ቅጹን ሲቀበለኝ «አሁን ሥርዓት ያዘ» ይለኝ ነበር።

ከዓመት በኋላ በዕድገት ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እኔም ጎንደር ተዛወርኩ። እዚያ ለጸሐፊዎች ስለ መዝገብ አያያዝ ሥልጠና ይሰጣል ተብለን ስንሰበሰብ፣ አሠልጣኙ እሱ ሆኖ አገኘሁት። ያንኑ ቅጽ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎታል፤ አሁን ሦስተኛ ሳጥን ጨምሮበታል፣ ለፊርማ። አላወቀኝም። በዕረፍት ሰዓት በር ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብዬ «እንደምን ዋሉ ጓድ» አልኩት፤ በሙሉ አክብሮት። እሱን እንደናቅኩት ነው የኖርኩት፤ ያን ቀን ግን ንቀቱን ለሁለታችን አካፈልኩት።