እማማ ዘነበች ዳዊት ሲደግሙ አይናገሩም

ዛሬ ጠዋት ካዛንቺስ፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ደም ፈሰሰ።

እህቴ ዱላው ሲመርራት ባሏን ጥላ እኔ ጋ ከገባች ወር አልሞላትም። ዛሬ ፌሮ ይዞ መጣ። "ውጪ! እገልሻለሁ!"

መስኮቱን በአንድ ምት አረገፈው። ስብርባሪው የእህቴን ግንባር ሰነጠቀው። አልጋውን ገፍተን በሩን ደገፍንበት፤ እሱ ደግሞ በሩን ይነርተው ጀመር።

ልጸልይ አፌን ስከፍት "አባታችን ሆይ" ጠፋኝ። በቃ፣ የመጣልኝ የማዕድ ጸሎት ነው። (እህቴም በደም ተነክራ "አሜን" አለችልኝ!)

ጎረቤታችን እማማ ዘነበች በረንዳቸው ላይ ዳዊት እየደገሙ ነበር። ሳይጨርሱ ቤት ቢቃጠል ከሰው አያወሩም፤ ሰላምታ እንኳን በጭንቅላት ነው የሚመልሱት።

በሩ ሲገነጠል "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰውየው ክንዱን ይዞ መሬት ላይ ይጮኻል። እማማ ዘነዘና ይዘው አናቱ ላይ ቆመዋል።

"ንቅንቅ በል፣ አናትህን ነው የምልህ!"

ፖሊስ ከወሰደው በኋላ "እማማ፣ ዳዊቱን አቋረጡት እኮ" አልኳቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ? 'ጌታዬ፣ ሰው ላክላቸው' እያልኩ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ግቢው ውስጥ ከኔ በቀር ሰው የለም።"

መነጽራቸውን አድርገው ካቆሙበት ቀጠሉ።

እናንተስ፣ "ድረስልኝ" ስትሉ በማን እጅ ደረሰላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፤ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።