ከባሕሩ ብቅ ያለው ጭንቅላት

ባለፈው እሑድ የመጨረሻዋ ልጄ ሶሊያና ሳሎን ጌም ስትጫወት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ጌሟ ውስጥ የራሷ ደሴት አላት፤ ቤት ሠርታበታለች፣ ጎመን ተክላበታለች፣ በባሕሩ ዳር ውሻ ታንሸራሽርበታለች። ጨዋታው ሲያበቃ ቴሌቪዥኑ ላይ ፎቶዎች ይደረደሩ ጀመር። ከውሻው ጋር ስትዘል፣ ዓሣ ስትይዝ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ።

«ማን አነሳው?» አልኳት።

«ራሱ ነዋ አባዬ። ደስ የሚል ነገር ሲኖር አውቆ ያነሳል።»

«ደስ የሚለው የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል?»

«እኔ እንጃ። ያውቃል በቃ።»

አንደኛው ፎቶ ላይ ግን ጌሙ ሳይስት አልቀረም። አንድ ሰው ባሕሩ መሀል ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ተገትሯል፤ አካሉ የለም። ሶሊያና ከት ብላ ሳቀችና «ይሄ ተበላሽቷል» ብላ ልታጠፋው ስትል፣ «ተዪ!» አልኳት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ።

ወጣት ሳለሁ መካኒሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ፎቶ ቤት ማለቴ ለወጉ ነው። አንዲት የጭቃ ቤት፣ ሁለት ትልልቅ አምፖሎች፣ ከአጎቴ የወረስኩት ካሜራ፣ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደች ፎቶ የማጥብባት ጓዳ። እና ባሕሩ። ባሕሩን በአቡጀዲ ላይ የሣልኩት እኔ ነኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ከግድግዳ ካሌንደር ላይ ነው የቀዳሁት። ዘንባባ ጨመርኩበት፣ መርከብ ጨመርኩበት፣ ጥግ ላይ ቦታ ሲተርፈኝ አውሮፕላንም ጣል አደረግሁበት። ጨርቁ ስላልበቃኝ ሰማዩ አንድ ቁራጭ፣ ባሕሩ ሌላ ቁራጭ ሆኖ መሀሉን በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ። የመካኒሳና የለቡ ሰው የጫማውን አቧራ በር ላይ አራግፎ እየገባ እዚያ ባሕር ዳር ይቆም ነበር። ሙሽሮች ቆመዋል። ዓረብ አገር ሊሄዱ ፓስፖርት ያወጡ ልጃገረዶች ቆመዋል። ማንም «ይሄ እኮ ጨርቅ ነው» ብሎኝ አያውቅም። ሰው ከፈለገ አቡጀዲ ውስጥ ገብቶ መኖር አያቅተውም፤ ልጄን ከደሴቷ ጋር ሳያት የሚታወሰኝ ይኸው ነው።

ችግሬ ንፋስ ነበር። የበጋው ንፋስ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ይገባና አቡጀዲውን ያርገበግበዋል። ባሕር ቢንቀሳቀስ ምን ነውር አለው ትሉ ይሆናል፤ ግን መርከቡም ዘንባባውም አውሮፕላኑም አብረው ሲታጠፉ ፎቶው ጉድ ይሆናል። ስለዚህ መላ ዘየድኩ። ካሜራው ራሱ የሚያነሳበት ነገር ነበረው፤ እኛ «አውቶማቲክ» እንለዋለን። ትንሿን ዘንግ ጠምዝዞ መልቀቅ ነው። እንደ ዝንብ ዝዝዝ ስትል ትቆይና ራሷ ቀጭ ትላለች። እኔ ዘንጓን ለቅቄ፣ ሮጬ ከአቡጀዲው ጀርባ ገብቼ፣ ባሕሩን በሁለት እጄ ወጥሬ እይዛለሁ። ደንበኞቼ ይህን እንዳያወሩብኝ በጣም እሰጋ ነበር። መስፍን ባሕር ይዞ ቆመ ከተባለ ምን ክብር ይቀረኛል!

ሽመልስ ግንበኛ ነበር። ሀና ማርያም ከእናቱ ከእትዬ ዘነበች ጋር ይኖራል። እሳቸው ጉሊት ተቀምጠው ጎመንና ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሰፈር የሚያውቀው በሳቁ ነው። ከሚሠራው ቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲስቅ መንገድ ላይ ያለ ሰው ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ይስቃል። የድንበሩ ጦርነት በተጀመረ ሰሞን እኩዮቹ ሲመዘገቡ እሱም ተመዘገበ። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አቧራው ዓይን በማያስገልጥበት የየካቲት ቀትር፣ እናትና ልጅ ተያይዘው መጡ።

«መስፍኔ፣ አንድ ጥሩ አድርገህ አንሳን» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «ይሄ ወደዚያ ሲሄድ እኔ የማየው ነገር ልያዝ።»

ለስንቅ ሲያዘጋጁ ያረፈዱት የበሶ ሽታ ነጠላቸው ላይ ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ ዳቦ ቆሎ ፈተው አንድ እፍኝ አስጨበጡኝ። ገና ትኩስ ነበር።

ባሕሩ ዳር አቆምኳቸው። «አትንቀሳቀሱ። አትሳቁ። ትንፋሽ ያዙ» አልኩ። የሙያው ደንብ ነው፤ ፎቶ ላይ የሚስቅ ሰው ቁም ነገር የለውም ተብለን ነው የተማርነው። ዘንጓን ለቅቄ ወደ ጀርባ ሮጥኩ። ዝዝዝ አለች። ከዚያ ዝም። ዘንጓ መሀል ላይ ተነክሳ ቀረች። እኔ ባሕሩን ይዤ እጠብቃለሁ፣ እነሱ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«መስፍኔ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ከንፈራቸውን ሳያላቅቁ፣ «ነፍሴ ልትወጣ ነው፤ ልተንፍስ?»

ሽመልስ ሳቁን ማፈን አቃተው። እኔም ምን እንደተበላሸ ለማየት ቸኩዬ በሰማዩና በባሕሩ መሀል፣ መርፌ ቁልፉ በለቀቀበት በኩል፣ ጭንቅላቴን አወጣሁ። ሽመልስ ዞር ብሎ አየኝ።

«እማ፣ ዓሣ!» አለ።

እትዬ ዘነበች ዞረው ሲያዩኝ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ሽመልስ ሳቁ ጉልበቱን አሳጥቶት በእናቱ ትከሻ ላይ ተደፋ፤ እኔም ከባሕሩ ሳልወጣ መሳቅ ጀመርኩ። ያኔ ነው ካሜራው ራሱ ቀጭ ያለው።

ከዚያ ንፋሱ ጋብ ሲል ሌላ አነሳኋቸው፤ በእጄ፣ በደንቡ። ሁለቱም ቀጥ ብለው፣ ቅንድባቸውን ቋጥረው፣ ባሕሩም ተወጥሮ። ለእትዬ ዘነበች የሰጠሁት ይህንን ነው።

የመጀመሪያዋን ፊልሙን አጥቤ ሳወጣው አየኋት። በኔጌቲቩ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ፣ ሁለት ሰዎች ተደጋግፈው ይስቃሉ፤ ከመርከቡ አጠገብ የእኔ ጭንቅላት አፉን ከፍቷል። አፈርኩ። ይህች ከቤቴ ብትወጣ መካኒሳ ሲስቅብኝ ይከርማል አልኩ። ቆርጬ ከሌሎቹ ብልሽቶች ጋር ካርቶን ውስጥ ጣልኳት። ካርቶኑን የሰፈር ልጆች ያውቁታል፤ የፊልም ቁራጭ እየወሰዱ በእሱ ፀሐይ ያዩበታል።

ሽመልስ አልተመለሰም። አብሮት የዘመተ ልጅ ቆስሎ መጣና ለሽማግሌዎች ነገረ፤ በአንድ የሐምሌ ማለዳ ዝናቡ ሳያባራ እናቱን መርዶ አረዷቸው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እኔ ያነሳሁትን ፎቶ ታቅፈው ሲያለቅሱ አየሁ። ሙያዬ ለወግ በመብቃቱ ትንሽ ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር ባልናገር ውሸታም እሆናለሁ።

ከሳምንት በኋላ በጭቃው ውስጥ እየተደገፉ ፎቶ ቤቴ መጡ። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ልጅ ማነው?» አሉኝ።

«ሽመልስ ነዋ፣ እትዬ።»

«ሽመልሴ እንዲህ አኩርፎ አያውቅም። ይሄን ይዤ ሳለቅስ ለሌላ ሰው ልጅ የማለቅስ እየመሰለኝ ተቸገርኩ። ያቺን የሳቅንባትን ስጠኝ። አንተ ከባሕር የወጣህባትን።»

«እሷ እንኳ…»

«ቀጭ ስትል ሰምቻታለሁ። በዚህ ጆሮዬ።»

ቆርጬ ጣልኳት ማለት አልቻልኩም። «እፈልጋታለሁ» አልኩ። «ለአርባው አድርስልኝ እንግዲህ፣ የኔ ልጅ» ብለው ግንባሬን ስመው ፎቶውን ይዘው ወጡ። ያ መሳም እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

ካርቶኑን ገለበጥኩ፤ የለችም። ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ ልጆቹን ለመንኩ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከረሜላ እሰጣለሁ ስል የማላስታውሳቸውን ሰዎች ሁሉ ይዘውልኝ መጡ። ዓይናቸውን የጨፈኑ ሙሽሮች፣ ያስነጠሳቸው ዲያቆን፣ ከፎቶው ሮጦ የሚወጣ ሕፃን። ስንቱን ጥዬ ኖሯል። አንዱ ልጅ «እሷን ቦይ ውስጥ ጣልኳት መሰለኝ» ቢለኝ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ የሐምሌ ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ ገባሁ። መንገደኛው ቆሞ አየኝ። ያኔስ አላፈርኩም። ያወጣሁት ግን የሌላ ሰው ፊት ነበር፤ ጭቃ በልቶታል።

አርባው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው የኮስታራውን ፎቶ አዲስ ቅጂ አጠብኩና በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ማረም ጀመርኩ። ያኔ የፎቶ ሰው ጠባሳ ያጠፋል፣ የጎደለ ፀጉር ይሞላል፤ ሳቅ መጨመርም አያቅተኝም ብዬ ነው። ሽመልስ ሲስቅ ከንፈሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ጉንጩ የት ጋ እንደሚጎደጉድ ለማስታወስ ብሞክር ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። በመጨረሻ መስታወት አቆምኩና ፊት ለፊቱ ሳቅሁ። እያየሁ ሣልኩ። እያለቀስኩም ነበር።

ይዤላቸው ሄድኩ። የአርባው ጠላ እየተጠመቀ ነው፤ ግቢው ጌሾ ጌሾ ይሸታል።

«ተገኘች» አልኳቸው።

እትዬ ዘነበች ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ወስደው ረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተ የለህበትም» አሉ። «ያን ጊዜ ከባሕር ወጥተህ ነበር።»

ቀና ብለው ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ፎቶውን፣ ከዚያ መልሰው ፊቴን።

«ይሄ ሳቅ ያንተ ነው» አሉ።

ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ድምፃቸው ጎመን ሲመርጡ እንደሚናገሩት ዓይነት ነበር። ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «ይሁን፤ ለፍተህበታል» ብለው ኮስታራው ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ እሱን አውርደው ይህንን ሰቀሉ። ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ነበረች፣ እኔው ነኝ የጣልኳት ማለት ነበረብኝ። ቁጭ ብዬ ያቀረቡልኝን ንፍሮ በልቼ ወጣሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ሌላ ሥራ ይዤ ሳለሁ፣ እትዬ ዘነበችም አረፉ። ለቅሶ ስደርስ በድንኳኑ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ያ ፎቶ በአበባ ተከብቦ ቆሟል። እሳቸው ኮስተር ብለው፣ አጠገባቸው ልጃቸው እየሳቀ። «ሳቁ እንዴት ያምራል» ይላሉ የማያውቁት። በሠልስቱ ካርታ የሚጫወቱ ጎረምሶች የሆነ ነገር ተናግረው ሳላስበው ሳቅሁ። የእህታቸው የልጅ ልጅ ነች መሰለኝ፣ ውኃ ስታድል የነበረች ልጅ ቆም ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ሲስቁ ጋሽ ሽመልስን ይመስላሉ» አለችኝ።

ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ይህን ሁሉ እሑድ ዕለት ለሶሊያና ነገርኳት። ጌሙን ይዛ፣ ጣቷን ማጥፊያው ላይ እንዳደረገች ሰማችኝ።

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«አፍሬ።»

«በምኑ?»

አንድ ጭንቅላት ከአቡጀዲ ባሕር ብቅ ማለቱ ያኔ ትልቅ ውርደት መስሎኝ ነበር። ያ ተነክሶ የሚቀር አሮጌ ካሜራ ሊቀመጥ የሚገባው የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ያዘው፤ አውቃለሁ ባዩ እኔ ጣልኩት። ሶሊያና ፎቶውን ሳታጠፋ ቴሌቪዥኑን ዘግታ እራት ልትበላ ተነሳች። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ሽመልስ «እማ፣ ዓሣ!» ብሎ የዞረበትን ፊት ላመጣው ሞከርኩ። ድምፁ መጣ፤ አሁንም ጥርት ብሎ ይሰማል። ፊቱን ሳየው ግን የሚስቀው እኔ ነኝ።